ለአንድ ትሪ የተያዘ ዓሣ

አባቴ ከወንዙ መሐል ብቅ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቆሞ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ከሚታጠፍበት ቦታ፣ የሾላውን ሥር ተደግፎ ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል፣ ጭቃው እግር ከማይውጥበት ዳር ላይ ዘንጉን ይዤ ነበር። ከማዶ አንድ ገበሬ ከብቶቹን እያጠጣ ያየናል። እናቴ ቤት ነበረች። የልጁ እናት ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ። አጎቴ ደግሞ ገና ከአውቶቡስ አልወረዱም።

ያን ቅዳሜ ከረሳሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ቢያንስ የረሳሁት ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የእህቴ ልጅ ከሥራ ገብቶ ኪሱን ሲያራግፍ ከቁልፉና ከስልኩ ጋር አንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ተወ። አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ነው የሚሠራው፤ እኔ የምኖረው ከእነሱ ጋር ሲኤምሲ ነው። ከረጢቷን ከፍቼ ያለውን አወጣሁት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሞላላ የብረት ቅጠል፣ በቀጭን ሽቦ ላይ የተሰካ፤ ከሥሩ ዶቃ፣ ከጫፉ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ። ወደ አፌ አስጠግቼ ነፋሁበት። ቅጠሉ በሽቦው ዙሪያ ዞረ።

«ኧረ እትዬ ይወጋዎታል! መንጠቆ እኮ ነው!»

«አየሁት» አልኩ።

«ስፒነር ነው የሚባለው። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ወደ ሐይቅ ልንወርድ ነው። አሪፍ ነገር ነው፣ ዓሣው ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል።»

«ክሩ አይጠመዘዝባችሁም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ ደግሞ ይህን ከየት አመጡት?»

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንዲጠጣ ነገርኩትና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

በእኔ ወጣትነት ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ባሻገር ያለው አገር የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ቤታችን ከአጥሩ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላን ሲነሳ የብርጭቆ መደርደሪያችን ይንጫጫል፤ ሲያልፍ ደግሞ የወፎቹ ድምፅ ይመለሳል። አባቴ የአውሮፕላን ጥገና ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። ቱታው ሁልጊዜ ነዳጅ ነዳጅ ይሸት ነበር፤ እናቴ ብታጥበውም አይለቅም። ዓሣ ማጥመድን ያስተማረው አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲሄድ ዘንጉን ከነክር መጠቅለያው፣ ከአንዲት እንዲህ ካለች ነገር ጋር ሰጠው። እኛ ቤት ስሟ «ሽክርክሪት» ነበር።

የመጀመሪያዋ ሽክርክሪት በዚያው ክረምት ማግስት ከሾላ ሥር ተያይዛ ቀረች። አባቴ ሰው ሞቶበት እንኳ ያን ያህል ሲያዝን አላየሁትም። ከዚያ በኋላ ራሱ ይሠራት ጀመር። ከነሐስ ቁራጭ ቅጠሏን በመቀስ ይቆርጣል፣ በእናቴ የወጥ ማማሰያ ሆድ ላይ አድርጎ በትንሽ መዶሻ እየቀጠቀጠ ጎድጎድ ያደርጋታል። ብዙ ከጎደጎደች በውሃ ውስጥ ትወላገዳለች፤ ጠፍጣፋ ከሆነች ደግሞ ጨርሶ አትዞርም። ለክብደት ከሽቦው ላይ ቀልጦ የተጠቀለለ እርሳስ ያደርጋል። ከመንጠቆው ጫፍ የፍየል ጭራ ፀጉር ያስራል። «ማማሰያዬን ፈጀኸው፣ ወጡ ነሐስ ነሐስ ይላል» ትለዋለች እናቴ። እሱ አይሰማም።

የጎረቤታችን ልጅ መንጠቆ ይሞርድ ነበር። አባቱ በልጅነቱ ነው የሞቱበት፤ እናቱ ከወሎ መጥተው ከእኛ አጥር ቀጥሎ ባለችው ትንሽ ሱቅ ነው ያሳደጉት። ከእኔ ሁለት ክፍል ይቀድም ነበር። ያን ጊዜ የመምህርነት ትምህርቱን ጨርሶ ምደባውን የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ደጃችን ላይ ተቀምጦ ይሞርዳል። እኔ ዶቃ እሰካለሁ። ዶቃዋ ቅጠሏ ሳትነካካ እንድትዞር የምታደርግ ናት፤ ያለ ዶቃ አይሆንም። ዶቃ የምንገዛው ደግሞ ከእናቱ ሱቅ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ የላከኝ ዕለት ሴትዮዋ ከባንኮው ጀርባ ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ለማን ነው ዶቃው?»

«ለዓሣ ነው እትዬ።»

«ለዓሣ! ዓሣ ልትድሩ ነው እንዴ ጎበዝ?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሴትዮዋ ሰው የሚያስቁት ራሳቸው ሳይስቁ ነው። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር «ሙሽራይቱ ደኅና ናት?» ይሉኝ ነበር። ቀይ ዶቃ መርጠው «ቀይ ይደምቅላታል» ብለው ይጨምሩልኛል።

ስለ ሥጋው ነገር መናገር አለብኝ፤ ዛሬም ቢሆን ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። እኛ የሙስሊም ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ቤት ነበርን። እናቴ ስትታመም አጥሚቱን ያመጡላት እሳቸው ናቸው። በበዓላችን እንኳን አደረሳችሁ ብለው ገብተው ሻይና ዳቦ ይቀምሳሉ፤ በበዓላቸው እኛም እንደዚሁ። ትሪ ሲቀርብ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። ሽሮ አብሮ መብላት ይቻል ነበር፤ ግን በክብር ለጠሩት እንግዳ ሽሮ ብቻ ማቅረብ ለእናቴ ነውር ነው።

ዓሣ ግን አይታረድም፤ ከውሃ ሲወጣ ይሞታል። ማንም አይባርከውም፣ ማንም ስም አይጠራበትም፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። ልጁ ከእኛ ትሪ ብዙ ጊዜ ዓሣ በልቷል። ለእናቱ ጥሬውን እንልክላቸዋለን፣ በራሳቸው ድስት ይሠሩታል። እሳቸው ራሳቸው ግን ከእኛ ትሪ ቀርበው አያውቁም ነበር።

ሽክርክሪቷ አንድ አመል ነበረባት። ክሩን ትጠመዝዛለች። ውሃ ውስጥ ቅጠሏ ስትዞር ክሩም አብሯት ይዞራል፤ ከረፋድ እስከ ቀትር ከተጣለች ክሩ እንደ በግ ፀጉር ይጠቀለላል። ያን የሚከላከል ትንሽ መዞሪያ ነገር እንዳለ አሁን የእህቴ ልጅ አሳይቶኛል፤ እኛ አልነበረንም። የእኛ ዘዴ ክሩን ሜዳ ላይ መዘርጋት ነበር። አባቴ ዘንጉን ይዞ ወንዙ ዳር ይቀመጣል። እኔ የክሩን ጫፍ ይዤ በግጦሹ ላይ ወደ ኮረብታው እራመዳለሁ፣ ልጁ ክሩ ሣር እንዳይዝ እያነሳ አብሮኝ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ክሩን በጣቴ ለቀቅ አደርገዋለሁ፤ ጥምዝምዙ በራሱ እየተፈታ እንደ ትንኝ ድምፅ ያሰማል። ከአባቴ ዓይን ሳንወጣ ከጆሮው የምንርቀው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ብዙ አናወራም ነበር። አንድ ቀን ግን ክሩ እየተፈታ ሳለ ሣሩን እያየ እንዲህ አለኝ።

«እናቴ እናንተ ቤት ከትሪው አንዴ ትቁረስ እንጂ የቀረውን እኔ እናገራለሁ።»

«ምኑን ነው የምትናገረው?»

«ታውቂያለሽ።»

አውቅ ነበር። «ደግሞ እሳቸው ምን ይላሉ?» አልኩት።

«በእሷ አገር በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አለ። አክስቷ ለክርስቲያን ነው የተዳረችው። እሷ የምትፈራው የእናንተን ቤት ነው፤ ንቀውኝ እመለሳለሁ ብላ ነው። አብራችሁ ከበላች ግን አለቀ።»

ክሩ ተፈትቶ አለቀ። አባቴ ከታች እጁን አወዛወዘ፣ ጠቀለልነው፣ ወረድን።

አባቴ ይህን ሁሉ ያውቅ እንደነበር የገባኝ የልጁን እናት እንድጠራ ሲልከኝ ነው። «ለእትዬ ንገሪያቸው፣ ቅዳሜ ምሳ ከእኛ ጋር ነው በያቸው። ዓሣ ነው በያቸው» አለኝ። ልጁ በዚያው ሳምንት ምደባው ወጥቶለት ነበር፤ ሐረርጌ ነው የደረሰው፤ የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው። ግንቦት ነበር። ወንዙ ጎድሎ ጠርቷል፤ ከላይ ሲያዩት ጠጠሩ ይታያል። ሽክርክሪት የምትሠራው ውሃ ሲጠራ ነው፤ ዓሣው ብልጭታዋን ካላየ አይመጣም። ዝናብ ከጣለ እስከ ጥቅምት አለቀ ማለት ነው።

እናቴ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዝታ መጣች። የሥጋ ቅባት እንዳይነካው ብላ መደርደሪያውን በሙሉ በአሸዋ ፈተገች። ያን ቅዳሜ ማለዳ ዘይት እንዳመጣ ወደ ሱቁ ላከችኝ። የልጁ እናት ከባንኮው ጀርባ ሻያቸውን ፉት እያሉ ነበር።

«ቁርሴ ይኸው ነው ዛሬ» አሉኝ። «ሆዴን ለሙሽራይቱ ባዶ እያደረግሁላት ነው። በሉ ደግሞ ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ፣ ጉድ ይፈላል።»

«እንይዛለን እትዬ።»

«ዘይቱን ውሰጂ፣ የዘይት ሒሳብ ዛሬ የለም። እንግዳ ነኝ እኔ።»

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳቆምኳቸው ሰዎች ልመለስ። ፀሐይ ገና አልጋመችም። ወንዙ የእርጥብ ድንጋይና የቅጠል ሽታ ነበረው። ዛሬ በዚያ በኩል በታክሲ ሳልፍ መስኮት የሚያዘጋ ሽታ ነው ያለው፤ ያኔ ግን አጎንብሰን እንጠጣው ነበር። ከቤት የያዝነውን ዳቦ አባቴ ለሦስት ቆርሶ ሰጠንና ቆመን በላን። ከዚያ መጣል ጀመርን።

አባቴ ጣለ፣ ምንም የለም። ልጁ ጣለ፣ ምንም የለም። ዘንጉ ወደ እኔ ሲመጣ ረፍዶ ነበር። ሽክርክሪቷን ከወራጁ ትንሽ ወደ ላይ ጣልኳት። እንደወደቀች ክሩን አንዴ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ ቅጠሏ ትነቃለች። ከዚያ ዝግ ብሎ መጠቅለል ነው። ከፈጠኑ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ከዘገዩ ሥር ውስጥ ትገባለች። በትክክል ስትዞር በክሩ በኩል ጣት ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ በእጅ ውስጥ እንዳለች ጫጩት ልብ። ያን ስሜት እስከ ዛሬ ጣቴ ያውቀዋል።

መንቀጥቀጧ ቆመ። ሥር የያዘኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሥሩ ሄደ።

«ልቀቂለት! ክሩን ልቀቂለት!» ይላል አባቴ።

«ኧረ እንዳትለቂ!» ይላል ልጁ።

«አንተ ዝም በል! እሷን ተዋት!»

ዓሣው ወደ ሾላው ሥር ሊገባ ሲል ልጁ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባና ሥሩ ፊት ቆመ። እየጮኸ ውሃውን በእጁ ይመታ ነበር። ዓሣው ተመለሰ። ብዙ ከታገልን በኋላ አባቴ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣው። እንደ ነሐስ የሚያበራ ትልልቅ ቅርፊት ያለው፣ ከዚያ ወንዝ ይወጣል ብለን የማናስበው ዓሣ ነበር። ሽክርክሪቷ በአፉ ጥግ ላይ ትታይ ነበር። አባቴ እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆሞ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት አልገልጸውም።

ሌላ ጊዜ ዓሣውን በእርጥብ ሣር ጠቅልለን ነበር የምንወስደው፤ ቤት ሳይደርስ ይሞታል። ያን ዕለት ግን አባቴ «በሕይወቱ ይዩት» አለ። ባልዲውን ውሃ ሞልተን ዓሣውን አጥፈን ከተትነው፤ ሁለቱ በእንጨት አንጠልጥለው ተሸከሙት። መንገዱን ሁሉ አባቴ ያንጎራጉር ነበር።

ቤት ስንደርስ አጎቴ ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከጅሩ ሳይልኩብን ድንገት ነው የመጡት። አባቴ ጉልበታቸውን ሳመ። ዓሣውን ቧንቧው አጠገብ ባለው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገለበጥነው። አጎቴ ጠጋ ብለው አዩትና «ይህን ልትበሉ ነው?» አሉ።

«እንግዳ አለን ጋሼ። ለእንግዳ ነው» አለ አባቴ።

«እንዲያ ከሆነ ደግ።»

አባቴ ልብሱን ሊቀይር ገባ። ልጁ እናቱን ሊያመጣ ሄደ። እኔና እናቴ ማድ ቤት ሽንኩርት እንከትፍ ነበር፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ግቢው በሙሉ ይታያል። የአጥሩ በር ተከፈተና የልጁ እናት ገቡ። አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ ራሳቸው ላይ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ሻሽ። ልጁ ከኋላቸው።

አጎቴ እንግዳ ሲገባ አዩ። ሕይወት ያለው ነገር ሳፋ ውስጥ አዩ። ዙሪያቸውን ሲመለከቱ በግቢው ውስጥ የሚታይ የቤቱ ወንድ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በዕድሜም የሚበልጣቸው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደርጉ የኖሩትን ለማድረግ ተነሱ። ጋቢያቸውን አወለቁና በርጩማው ላይ አኖሩ። ከቧንቧው ጠርዝ ላይ የነበረውን ቢላ አነሱ። ዓሣው አንዴ ከእጃቸው አመለጠ፣ በጉልበታቸው ያዙት፤ ያኔም ማናችንም አልገባንም። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉና አረዱት።

አባቴ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሮጦ ወጣ። «ጋሼ! ኧረ ጋሼ! ዓሣ እኮ አይታረድም!»

«ነፍስ ያለው ነገር ሳይባረክ ይበላል? እናንተ ከተሜዎች ጉድ ናችሁ!» አሉ አጎቴ። ደስ ብሏቸው ነበር። እጃቸውን በቧንቧው እየታጠቡ ወደ እንግዳዋ ዞሩ። «እንኳን ደኅና መጡ እመቤቴ። ለክብርዎ ነው።»

የቧንቧው ውሃ ብቻ ይሰማል። የልጁ እናት ሳፋውን አላዩም፤ አጎቴን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«አበጁ አባቴ። የእንግዳ ክብር እንዲህ ነው። ያክብርዎት።»

እናቴ ሽንኩርቱን ትታ እኔን አየችኝ። አባቴ ወደ ማድ ቤቱ መጣ።

«ሽሮ ላድርግ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ተይው። የባሰ ያስታውቃል።»

ዓሣው ተሠራ። በአዲሱ ድስት ተጠበሰ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ትሪው መሐል ቀረበ። እኔ ነበርኩ እጅ የማስታጥበው። አጎቴን አስታጠብኩ፣ አባቴን አስታጠብኩ፤ ወደ እሳቸው ስደርስ እጃቸውን በእርጋታ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔስ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። «የረመዳን ቀሪ ነበረብኝ፤ ዛሬ ልክፈለው ብዬ ይዤዋለሁ። መቅረቱን ግን ልቤ እንቢ አለኝ። እናንተ ብሉልኝ፤ እኔ በዓይኔ እጠግባለሁ።»

ማለዳ ሻይ ሲጠጡ አይቻለሁ። ማየቴንም ያውቃሉ። ዓይናችን ተገናኘና እኔ ቀድሜ አቀረቀርኩ።

«እንግዲያስ ልጅ ይብላ!» አሉ አጎቴ። «ና ቅረብ ጎበዝ። አንተ ነህ አሉ ውሃ የገባኸው።»

ልጁ ከእናቱ አጠገብ ነበር። ኩስኩስቱን ይዤ ከፊቱ ቆምኩ። እጁን ዘረጋ። ውሃውን ከማፍሰሴ በፊት መልሶ ሰበሰበው።

«እኔም ይዣለሁ» አለ። «ከእናቴ ጋር ነው የያዝኩት።»

አባቴ ማለዳ ዳቦውን ለሦስት የቆረሰ ሰው ነው። ቀና ብሎ ልጁን አየው፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ትሪው መለሰ። «ይቀበልህ» አለው።

በዚያን ሰዓት ተቀይሜው ነበር። ነገሩን ለመረዳት ብዙ ዓመት ነው የወሰደብኝ። እናቱ ለእኛ ክብር ሲሉ ዋሹ፤ እሱ ደግሞ በዚያ ውሸት ውስጥ ብቻቸውን ሊተዋቸው አልቻለም። ቢበላ ኖሮ እናቱን በሰው ፊት አዋረዳቸው ማለት ነው። ባለመብላቱ ደግሞ እኔን አጣ። ምርጫውን ያደረገው እጁን በዘረጋበትና በሰበሰበበት መካከል ነው፤ ኩስኩስቱ ከባድ ነበርና ረጅም ጊዜ ይመስለኛል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢስቅ ኖሮ ያልፍ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዓሣ ባርከው አረዱ፤ እንዴት አያስቅም? ከመካከላችን ሰው ማሳቅ የሚያውቁት የልጁ እናት ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ ሆነው ቢሰሙት ሳምንቱን ሙሉ ያወሩት ነበር። እዚያ ግን የአጎቴን ሽበት አይተው ዋጡት። አባቴም ወንድሙን ማሳፈር አልፈለገም። እናቴም እንግዳዋን ማስጨነቅ አልፈለገችም። ሁላችንም ደግ ነበርን። ሁላችንም የሌላውን ክብር ጠበቅን፤ ነገሩም በመካከላችን ዝም ብሎ አለቀ።

ሌላ ቅዳሜ ይኖራል ብዬ ነበር። በማግስቱ ሌሊት ዝናቡ ጀመረ። ወንዙ ሲደፈርስ እስከ ቤታችን ድረስ ድምፁ ይሰማ ነበር። ጥቅምት መጥቶ ውሃው ሲጠራ ልጁ ከሄደ ወራት አልፎት ነበር። እዚያው አገር አገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔም በጊዜዬ አገባሁ፤ ባሌ ጥሩ ሰው ነበር፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። አባቴ ዓሣ ሲይዝ እንደ ድሮው ጥሬውን ለልጁ እናት ይልክ ነበር፤ እሳቸውም በራሳቸው ድስት ይሠሩታል። ምሳ ግን የጠራ የለም።

ያን ዕለት የልጁ እናት ትሪው እስኪነሳ ተቀምጠው ቆዩ። ስለ ጅሩ መንገድና ስለ ሽምብራ ዋጋ አጎቴን ጠየቋቸው፤ አጎቴ ጠግበው በልተው ብዙ አወሩ። አባቴ ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው። እናቴ አልቀመሰችም። ልጁ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ መሬት መሬት ያይ ነበር። ፀሐይዋ ከግድግዳው ስትወርድ የልጁ እናት ተነሱ። አጎቴን በትሕትና ተሰናበቱ፣ እናቴን አቀፏት። እስከ አጥሩ በር የሸኘኋቸው እኔ ነበርኩ። እዚያ ሲደርሱ ዞረው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፋቸው የቅርንፉድ ሽታ ነበረው። የሚሉት ነገር ያላቸው መስሎኝ ጠበቅሁ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

«እደጊ» አሉኝ፤ ለሌላ ሰው ልጅ እንደሚባለው።

ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ልጃቸውን አስቀደሙና ወጡ።